የአደን ውሻ ዕቃ ስትገዙ፦ ከወለሉ ጀምሩ፣ ሪሞቱ ይደርሳል

ብዙ ሰው የአደን ውሻ ሲያገኝ ገንዘቡን የሚጨርሰው ከኋላ ጀምሮ ነው። ቡችላው ስሙን እንኳ በቅጡ ሳይለምድ በሪሞት ከሩቅ የሚነዝር የኤሌክትሪክ ኮላር (አንገት ማሰሪያ) ይገዛለታል፣ ጂፒኤስ ይታዘዝለታል፣ ቅጠል የመሰለ ሰደርያ ይለብሳል። ማታ ግን የሚተኛው ሽንት ተኝቶ በሚቀርበት ወለል ላይ ነው። በሩም በተጠማዘዘ ሽቦ ነው የሚዘጋው። እስቲ አስቡት፤ ጎበዝ አዳኝ ውሻ እንኳ ሜዳ ላይ የሚውለው በዓመት ውስጥ የተወሰነ ቀን ነው። የቀረውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ማደሪያው ውስጥ ነው። ክርኑ የሚቆስለው፣ ሽቦ ሲያኝክ ጥርሱ የሚሰበረው፣ አምልጦ ወጥቶ መኪና የሚገጨው ከዚያው ነው።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ ማደሪያው፣ ቀጥሎ የመኪናው ኬጅ፣ ከዚያ ገመድና ፊሽካ፣ ከዚያ የሚወረወረው ዕቃ። ባትሪ የሚበላ ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንዳንዱ ውሻ እንዲያውም ጭራሽ አያስፈልገውም።

ደረጃ 1፦ ውሻው ምን ሊሠራ ነው?

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይሄን መልሱ። «የአደን ውሻ» ተብሎ አንድ ላይ ይጠራ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

እንደ ፖይንተርና ሴተር ያሉት ዝርያዎች ወፏን አሽትተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሩቅ ይሮጣሉ። የናንተ ጭንቀት «የት ሄዶ ነው የቆመው?» የሚለው ነው፤ ስለዚህ ቃጭል ወይም መከታተያ ትርጉም አለው። ላብራዶርና መሰሎቹ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይጠብቁና የወደቀውን ያመጣሉ፣ ውሃም ይገባሉ። ለነሱ ዋናው ፊሽካና የሚወረወር ዕቃ ነው። ስፓኒየል ቁጥቋጦ ውስጥ እየተሹለከለከ ወፍ ያስነሳል፣ ከጠመንጃ ርቀት ግን መውጣት የለበትም። እሱ እንጨት ላይ የማይንጠለጠል አንገት ማሰሪያ ይፈልጋል። ቢግልና ብላድሃውንድ አፍንጫቸውን መሬት ላይ ተክለው ዱካ ይከተላሉ፤ ለነሱ የደረት ማሰሪያና ረጅም ገመድ ነው። የዱር አሳማ የሚጋፈጥ ውሻ ደግሞ ደረትና ጎኑን የሚሸፍን ወፍራም መከላከያ ሳይለብስ መውጣት የለበትም።

ሥራውን ካወቃችሁ የሱቁን ግማሽ ዕቃ ሳታዩት ታልፋላችሁ።

ደረጃ 2፦ ማደሪያው

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

በስፋቱ እንጀምር። ለአንድ መካከለኛ ወይም ትልቅ ውሻ ወርዱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 1.8 ሜትር የሆነ ግቢ የተለመደ ልክ ነው። ቦታ ካለ ይርዘም። አራት ማዕዘኑ እኩል ከሆነ ይልቅ ረዘም ጠበብ ያለው ይሻላል። ውሻው ሶምሶማ መርገጥ ይችላል፣ ከሚተኛበትም ርቆ ይጸዳዳል። ዘላይ ከሆነ ወይም አጥር የሚወጣ ከሆነ ከላይም ይሸፈን።

ወለሉ። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ አፍስሱት። አፈር ርካሽ ነው፣ ግን ይቦካል፣ ይቆፈራል፣ ማጽዳትም አይቻልም። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚጨርስ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጠጠር ውሃ ያሳልፋል፣ ግን ሰልችቶት ጠጠር የሚውጥ ውሻ አለ። የሆድ ቀዶ ጥገና ደግሞ ከኮንክሪት ይበልጥ ውድ ነው። እንጨት ሽንት ይጠጣል፤ ከጊዜ በኋላ የሚሸተው ውሻው ይሁን ወለሉ አይለይም። ስለዚህ ኮንክሪት ነው። ሁለት ነገር ግን ይታሰብበት። አንደኛ ተዳፋት ይኑረው፣ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ ፍሳሹም ውሻው በማይተኛበት በኩል ይውጣ። ሁለተኛ እንደ ሳሎን ሊሾ አታስለስሉት። እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ የሚሮጥ ውሻ ደግሞ ጉልበቱን ይጎዳል። ከመድረቁ በፊት በመጥረጊያ ጫፍ ቀለል አድርጎ መቧጠጥ ይበቃል። ከዚያ ሽንት ሰርጎ እንዳይገባ ማሸጊያ ይቀባ።

ሠሪው «ጨርሻለሁ» ሲል ወዲያው እንዳትከፍሉት። አንድ ባልዲ ውሃ ላዩ ላይ ድፉና ቆማችሁ እዩ። ውሃው ወደ ፍሳሹ ከሄደ ጥሩ፣ የሆነ ጥግ ላይ ኩሬ ሠርቶ ከቀረ ግን ሽንቱም ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው የሚቀረው።

ኮንክሪት አንድ ጉድ አለው፤ ጠንካራና ቀዝቃዛ ነው። ውሻ ሁሌ ኮንክሪት ላይ ከተኛ ክርኑ ላይ ቆዳው ይወፍራል፣ አንዳንዴም ፈሳሽ ይቋጥራል። መፍትሔው ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ነው። የብረት ወይም የአሉሚኒየም እግር ያለው፣ ላዩ ላይ ወፍራም ሸራ የተወጠረበት ዓይነት። ሸራው ጠርዙ ላይ ተሰፍቶ ብቻ የተተወ ከሆነ አኝከው ይጨርሱታል። ጠርዙ ብረቱ ውስጥ የገባውን ምረጡ።

ሽቦው። የአጥር ሽቦ ስትገዙ ውፍረቱን ጠይቁ። 3 ሚሊ ሜትር ለረጋ ውሻ ይበቃል። ለሚያኝክና ለሚዘል 3.8 ገደማ ይሁን። የተበየደ ከሆነ ዚንኩ የተነከረው ከብየዳው በኋላ መሆኑን እዩ፤ በፊት ከሆነ መጀመሪያ የሚዝገው መጋጠሚያው ነው። ቀዳዳው ቡችላ ጭንቅላቱን የማያስገባበት ይሁን። ከዚያ ይሄን አድርጉ፦ አሮጌ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቁና ሽቦውን ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ መጋጠሚያውንና የበሩን ጠርዝ ዳብሱት። ካልሲው የተያዘበት ቦታ ሁሉ ነገ የውሻውን ከንፈር ወይም ዓይን የሚቦጭቅ ሹል ነው። በሞረድ ያዙት ወይም እጠፉት። ታዲያ ዓይናችሁን አትመኑ፣ ካልሲውን እመኑ።

ወለሉ ኮንክሪት ካልሆነ ቆፍሮ መውጣቱ አይቀርም። ሽቦውን ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደታች ቅበሩት፣ ወይም ከአጥሩ ሥር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉት።

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን። ውሻ ሲደሰት በር ይገፋል። ወደ ውጭ የሚከፈተውን ሲገፋ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን ሲገፋ ራሱ ላይ ይዘጋዋል። መቀርቀሪያው በአፍንጫ ተገፍቶ የሚከፈት እንዳይሆን፤ ብልጥ ውሻ ይሄን በአንድ ሳምንት ይማረዋል። ላዩ ላይ መንጠቆ ጨምሩበት። ከመንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ሁለት በር ይኑራችሁ።

ጎጆው። እዚህ ላይ ሰው ሁሌ «ሰፋ ይበልለት» ይላል። ቅዝቃዜ ባለበት ግን ሰፊ ጎጆ ቀዝቃዛ ጎጆ ነው፣ ምክንያቱም የሚያሞቀው የውሻው ገላ ብቻ ነው። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ ከተኛ ይበቃል። ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳ፣ መግቢያው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን፣ ነፋስ ለሚመጣበት አቅጣጫም ጀርባውን ይስጥ። ጣሪያው ተነሺ ከሆነ ለማጽዳት ይመቻል፤ ጣሪያው የማይነሳ ጎጆ በወር አንዴም አይጸዳም፣ እርግጠኛ ነኝ። ለብርድ ብርድ ልብስ አታንጥፉ፤ ይረጥባል፣ ይከብዳል፣ ይሸታል። ደረቅ ገለባ ይሻላል፣ ውሻው ጉድጓድ ሠርቶ ይገባበታል። ሲረጥብ ወይም ሲደቅ ጣሉት።

ሞቃት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና በሁለት በኩል የሚያልፍ አየር ነው። ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻውን ጥላ ቢሰጥም ሙቀቱን ወደታች ይለቃል። ከቆርቆሮው ሥር ኮምፔንሳቶ ወይም ሌላ ሙቀት የሚከላከል ነገር ይግባ፣ ወይም ጣሪያው በጣም ከፍ ይበል።

የውሃ ዕቃው የማይዝግ ብረት ባልዲ ይሁን፣ ግድግዳው ላይም በመንጠቆ ይታሰር። ፕላስቲክ ይታኘካል፣ የተቧጠጠው ውስጥ ቆሻሻ ይደበቃል።

በረኪና ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እሱንም ብዙ ሰው አያውቀውም። በረኪና በሽንት ላይ በቀጥታ አይደፋም። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሱ፣ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ውሃው ይውረድ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጡና ቀቡት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ውሻው ይግባ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ፓርቮን አይገድልም፣ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። የተበጠበጠውም ለነገ አይቀመጥም።

ደረጃ 3፦ የመኪናው ኬጅ

ፒካፕ ጀርባ ላይ ሳይታሰር የሚቆም ውሻ አያለሁ፤ ያስቆጣኛል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ እሱ አይቆምም።

ኬጁ ውሻው ቆሞ የሚዞርበትና የሚተኛበት ያህል ብቻ ይሁን። ቤት ውስጥ ሰፊ ቢሆን ችግር የለውም፤ መኪና ውስጥ ግን በጣም ሰፊ ከሆነ በአደጋ ጊዜ ውሻው ውስጡ ይወረወራል። በግጭት ሙከራ ያለፉ የሚባሉ ወፍራም ፕላስቲክና አሉሚኒየም ኬጆች አሉ፤ አቅም ካለ እነሱን። አቅም ከሌለ ደግሞ ያለውን በአራት ጥግ በእቃ ማሰሪያ ቀበቶ ከመኪናው አካል ጋር እሰሩት። ያልታሰረ ውድ ኬጅ ከታሰረ ርካሽ ኬጅ አይሻልም።

የአየር ቀዳዳው ቢያንስ በሦስት በኩል ይኑር። ውጭ 27 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 37 ገደማ ይደርሳል፣ በግማሽ ሰዓት 45። ውሻ እንደኛ በመላ ገላው አያልብም፣ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ከአደን ተመልሶ ገና እያለከለከ ያለን ውሻ ኬጅ ውስጥ ከትቶ «ሻይ ልጠጣ» ብሎ መሄድ ውሻውን መግደል ነው።

ደረጃ 4፦ አንገት ማሰሪያና ገመድ

ለየቀኑ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ልኩ ሁለት ጣት ሥሩ ሲገባ ነው፤ ሦስት ከገባ ከጭንቅላቱ ያወልቀዋል። ቡችላ ከሆነ በየሳምንቱ ለኩት፣ አንገቱ ሳታዩት ይወፍራል።

ቆዳ ያምራል፣ ውሃ ከበዛበት ግን ይለጠጣል፣ ካልተቀባ ይሰነጠቃል። ናይለን ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይቆስላል። ባዮቴን የሚሉት፣ ፕላስቲክ የተለበጠበት ጨርቅ፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሽታ አይይዝም፣ በጨርቅ ስትጠርጉት አለቀ። ለአዳኝ ውሻ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ቀለበቱ ዘለበቱ አጠገብ ሳይሆን መሃል ላይ ያለበት ዓይነት አለ። ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ሲይዘው ማሰሪያው ስለሚዞር ውሻው ይላቀቃል ይባላል። የሚረዳ ይመስለኛል፣ ግን ዋስትና አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ስልክ ቁጥራችሁ የሚንጠለጠል ሳይሆን ማሰሪያው ላይ በብሎን የተመታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጻፍ። ተንጠልጣዩ ይሰካል፣ ይጠፋል፣ ሲንቀጨቀጭም ወፍ ያስነሳል። ማሰሪያ ደግሞ ሊወልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ከቆዳ ሥር የሚገባ ማይክሮቺፕ ይግባለት። 15 አሃዝ ቁጥር ያለው፣ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚነበበው በብዙ አገር የሚሠራው ነው። ቁጥሩ በናንተ ስም መመዝገቡን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ያልተመዘገበ ቺፕ ባዶ ቁጥር ነው።

ማደሪያው ውስጥ ሲገባ ማሰሪያው ይውለቅ። በተለይ ሲሳብ የሚጠብቅ ሰንሰለት ካለው። ሽቦ ላይ ተሰክቶ የታነቀ ውሻ ብርቅ አይደለም፤ ሁለት ውሾች ሲጫወቱም የአንዱ መንጋጋ በሌላው ማሰሪያ ውስጥ ይገባል።

ለማሰልጠኛ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ገመድ ብቻ ነው። አንዱ አጭር፣ ቀለበት ውስጥ ሾልኮ የሚጠብቅ ገመድ፣ አንገት ላይ በፍጥነት ገብቶ በፍጥነት የሚወጣ። አጠላለቁ ግን ልክ ይሁን። ቀለበቱ ውስጥ የሚሮጠው፣ ወደ እጃችሁ የሚመጣው ክፍል ከአንገቱ በላይ ይለፍ። ያኔ ስታላሉት በራሱ ክብደት ይከፈታል። በሥር ካለፈ ጠብቆ ይቀራል፤ ውሻው «ልክ ስሆን ይላላል» የሚለውን ትምህርት ጭራሽ አያገኝም። ገመዱ ላይ የምትገፋ ትንሽ የቆዳ ማቆሚያ ካለችው ወደኋላ ሾልኮ እንዳይወልቅ ትይዛለች።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው፣ ከ6 እስከ 10 ሜትር። ይሄ ዕቃ ነው ስልጠናውን የሚሸከመው። ውሻው እየጎተተው ይሮጣል፣ «ና» ብላችሁ ካልመጣ ጫፉን ትረግጣላችሁ። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠንከር ያለ፣ የማይጠማዘዝ ገመድ ምረጡ። ለስላሳው ሁሉ ነገር ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ወይም እጀታ አይኑር፤ ድንጋይ መሃል ይሰካና የሚሮጠውን ውሻ አንገቱን ይቀነጥሰዋል። ጫፉን በእሳት አቅልጣችሁ ተዉት። ጓንት አድርጉ። በባዶ እጅ የሚሮጥ ገመድ የያዘ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

ዱካ ለሚከተል ውሻ ረጅሙ ገመድ ከደረት ማሰሪያ ጋር ይያያዝ እንጂ ከአንገት ጋር አይሁን። አንገቱን እየሳባችሁ «አፍንጫህን ዝቅ አድርግ» ማለት አይቻልም። የደረት ማሰሪያውን የምታጠልቁለት ደግሞ ዱካው መነሻ ላይ ስትደርሱ ብቻ ይሁን። ያኔ ማሰሪያው ራሱ «ሥራ ተጀመረ» የሚል ምልክት ይሆንለታል።

ደረጃ 5፦ ፊሽካ

ርካሹና ጠቃሚው ዕቃ። ድምፃችሁ ስትናደዱ ይለወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ፊሽካ አይናደድም።

ውስጡ ፍሬ የሌለውን ግዙ። ፍሬ ያለው በምራቅና በብርድ ይያዛል። በረዶ ባለበት አገር ደግሞ ብረቱ ከንፈር ላይ ይለጠፋልና ፕላስቲክ ይሁን። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1870 የተቋቋመው አክሚ የሚባለው ኩባንያ ቁጥር ያላቸው ፊሽካዎች ይሠራል፤ 210.5 በስፓኒየል፣ 211.5 በላብራዶር አሰልጣኞች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ጥቅሙ ምንድን ነው? ያው ቁጥር ሁሌም ያው ድምፅ ነው። ሲጠፋባችሁ ሌላ ብትገዙ ውሻው ልዩነቱን አያውቅም። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን ከመረጣችሁ በኋላ አትቀያይሩ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ግዙና አንዱን መኪና ውስጥ አስቀምጡ።

«ድምፅ የሌለው» የሚባለውን ፊሽካ እኔ አልወደውም። ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፣ እኛ 20,000 ላይ እናቆማለን። ስለዚህ እሱ ይሰማዋል፤ እናንተ ግን በትክክል መንፋታችሁን በምን ታውቃላችሁ?

አንድ ረጅም ንፋት ቁም ወይም ተቀመጥ፣ ተደጋጋሚ አጭር ንፋት ና። ለጀማሪ ይሄ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ የሚወረወረው

ደሚ የሚባለው፣ ወፍን የሚተካ የሸራ ወይም የፕላስቲክ ጥቅል ነው። ለትልቅ ውሻ ግማሽ ኪሎ አካባቢ፣ ለቡችላ 250 ግራም ወይም ከዚያ በታች። ሸራው አፍ ላይ ይለሰልሳል፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ግን ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም። ፕላስቲኩ ለውሃ ሥራ ይሻላል፣ ይንሳፈፋልም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታዩት ብርቱካናማ ነው፣ ብዙ ሰውም «ደማቅ ስለሆነ ውሻው ያየዋል» ብሎ ይገዛዋል። የውሻ ዓይን ግን ቀለም የሚለየው በሁለት ዓይነት ሕዋስ ነው፣ የኛ በሦስት። ሰማያዊና ቢጫ ይለያል፣ ቀይና ብርቱካናማ ግን ሣር ላይ ሲወድቅ እንደ ደበዘዘ ቢጫ ቡኒ ይሆንበታል። ማለትም ብርቱካናማው ለእናንተ እንጂ ለእሱ አይታይም። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ጥቅም ነው፣ ካወቃችሁበት። ሲወድቅ አይቶ ዓይኑን ሳይነቅል ሄዶ እንዲያመጣ ስታሠለጥኑ ነጭ ወይም ጥቁርና ነጭ ወርውሩ። ሰማይ ላይ ጥቁሩ፣ ዛፍ ላይ ነጩ ይታያል። በአፍንጫው እንዲፈልግ ወይም በእጅ ምልክት እንዲሄድ ስትፈልጉ ደግሞ ብርቱካናማውን ደብቁ፤ እናንተ የት እንዳለ ታዩታላችሁ፣ እሱ ማሽተት ግዱ ነው።

ከ4 እስከ 6 ፍሬ ይበቃል። ለጨዋታ አትስጡት፣ ማደሪያው ውስጥም አይደር። ደሚ የሚያኝክ ውሻ ነገ ዳክዬውንም ያኝካል።

ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ 60 በ90 የሆነች ጣውላም ሥሩ። የምትገዛ አይደለችም። «ቦታህ» ስትሉት የሚወጣባት ናት፤ ጠርዟ ግልጽ ስለሆነ ውሻው ቦታውን መልቀቁንና አለመልቀቁን እሱም እናንተም ታውቃላችሁ።

ደረጃ 7፦ ተኩስ ማለማመጃ

ተኩስ የፈራ ውሻን መመለስ በጣም ከባድ ነው፣ አንዳንዱ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠመንጃ አይደለም። ባዶ ጥይት የሚተኩስ ትንሽ ሽጉጥ፣ ሌላ ሰው ይዞት፣ 100 ሜትር ያህል ርቆ፣ ውሻው ደሚ ሲያሳድድ ወይም ወፍ ሲያባርር። ጆሮውንና ጭራውን እዩ። ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ከተመለሰ በሌላ ቀን ትንሽ ቅረቡ። ጭራው ከገባ ያን ቀን ይበቃል፣ ሲቀጥል ርቀቱን ጨምሩ። ባዶ ጥይትም ሕግ አለው፣ ያላችሁበት ቦታ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ቀድማችሁ እወቁ። ለጆሯችሁም መከላከያ አድርጉ፤ የአደን ጠመንጃ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል።

ውሻውን ተኩስ ሜዳ ወስዶ «ይልመድ» ማለት ግን በፍጹም።

ደረጃ 8፦ ባትሪ ያላቸው

አሁን ሪሞቱ ደረሰ።

የኤሌክትሪክ ኮላር ትእዛዝ አያስተምርም። በረጅሙ ገመድ የተማረውን ትእዛዝ ከሩቅ ማስታወሻ ነው። «ና» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ውሻ ሲነዘር የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆመበት ቦታ ወይም ያያት ወፍ አስፈሪ መሆኗን። ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ጀርመንም አይፈቀድም፣ ሌሎችም አሉ።

የሚፈቀድበት አገር ካላችሁና ከወሰናችሁ፣ ደረጃው በጥቂቱ የሚጨምረውን ምረጡ። አምስት ደረጃ ብቻ ያለው ከደካማ ወደ ከባድ ይዘላል። ድምፅ ወይም ንዝረት ብቻ የሚሰጥ ቁልፍ ይኑረው፤ ለብዙ ውሻ ያ ይበቃል። ቁልፎቹን በጓንት ሳታዩ መለየት መቻላችሁን ሱቅ ውስጥ ሞክሩ። ቆዳ የሚነኩት ሁለቱ ብረቶች ለወፍራም ፀጉር ረጅም፣ ለስስ አጭር ይሁኑ። ላላ ካለ አንዴ ይነካል አንዴ አይነካም፣ ሰው ደግሞ «አልሠራም» ብሎ ይጨምረዋል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ቦታውን ቀይሩ፣ በቀን ከ8 ሰዓታት በላይ አታቆዩት። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ቆዳውን ተጭኖ ያቆስላል፤ ሰው «አቃጠለው» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይሄው ቁስል ነው።

መከታተያ ሌላ ነገር ነው። ሩቅ ለሚሮጥ ውሻ እኔ ቅንጦት አልለውም። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በስልክ ኔትወርክ ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ግን ጌጥ ነው። ሌላው እንደ ጋርሚን ኩባንያ ምርቶች ያሉት በራሳቸው ሬዲዮ ከእጅ መሣሪያው ጋር ይነጋገራሉ፣ ኔትወርክ አይፈልጉም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ግን ምንም ከለላ በሌለበት የተለካ ነው፤ ሸለቆ ሲገባ ይቀንሳል። ከውጭ አገር ስታስመጡ ተጠንቀቁ፤ ለአሜሪካ የሚሸጠውና ለአውሮፓ የሚሸጠው የሬዲዮ ሞገዱ የተለያየ ነው። በአንዱ የሚፈቀደው በሌላው ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ የማይፈልገውን አትርሱ። ቃጭል። ለፖይንተር ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ቃጭሉ ሲሰማ እየፈለገ ነው፣ ዝም ሲል ቆሟል። ዝም ያለበትን አቅጣጫ ልብ ማለት ነው ሥራችሁ።

ደረጃ 9፦ ሰደርያና የመድኃኒት ቦርሳ

ሰደርያ እሾህና የሽቦ አጥር ላለበት ነው። ደረቱንና ሆዱን ይሸፍን፣ ብብቱ ሥር ግን አያሽ። አልብሳችሁ ጥቂት ካሮጣችሁት በኋላ አውልቁና ፀጉሩ የተገረሰሰበት ቦታ እንዳለ እዩ። ቀለሙ ለሌላ አዳኝ የሚታይ ብርቱካናማ ይሁን። በሙቀት ቀን አይለበስ።

ቦርሳው ውስጥ፦ ዓይን ማጠቢያ የጨው ውሃ፣ ጫፉ ቀጭን ወረንጦ፣ መዥገር ማውጫ፣ የቁስል ጎዝ፣ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ፋሻ፣ መቀስ፣ ቴርሞሜትር፣ አፍ ማሰሪያ። የመጨረሻዋን ሰው ይንቃታል። እናንተን የሚወድ ውሻ እግሩ ተሰብሮ ስታነሱት ይነክሳችኋል፣ ክፋት የለበትም፣ ስላመመው ነው። ፋሻም በችግር ጊዜ አፍ ማሰሪያ ይሆናል፤ የሚያለከልክ ወይም የሚያስመልስ ውሻ አፍ ግን አይታሰርም።

የሰው ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፊንም ፓራሲታሞልም፣ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አትስጡት።

ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 ካለፈ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አየር ይንፈስበት፣ እየቀዘቀዘ ወደ ሐኪም ይሂድ። ማታ ስትመለሱ ደግሞ ከመመገባችሁ በፊት በጣቶቹ መሃል፣ ጆሮው ውስጥና ብብቱ ሥር በጣታችሁ ፈትሹ። የሣር እሾህ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ በወረንጦ የሚወጣው ከሳምንት በኋላ በቢላ ነው የሚወጣው። ከዚያ ገመዱን እጠቡ፣ ማሰሪያውን ጥረጉ፣ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ሰኩ።